«ካለቀስሽ ይብስብሻል» ... እውነት?

ሰሞኑን ከሚደርሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ያው የተለመደው የፍቅርና የኩርፊያ ጉዳይ ናቸው። «ደውዬላት አላነሳችም»፣ «ከጓደኛዬ ጋር አየሁት»... እነሱ ይቆዩን። ዛሬ ቦታውን በሙሉ ለአንዲት እህታችን ሰጥቻለሁ። ስሟንም ሰፈሯንም አልጽፍም፤ ደብዳቤዋንም ትንሽ አሳጥሬዋለሁ። እንዲህ ትላለች፦

«የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የልብስ መደብር በሽያጭ ሠራተኝነት እተዳደራለሁ። ታላቅ እህቴ 36 ዓመቷ ነው፤ ባልና ሁለት ልጆች አሏት። ጡቷ ውስጥ ጠጠር የመሰለ ነገር ስታገኝ ለማንም ሳትናገር ስምንት ወር ቆየች። በኋላ ስትመረመር የጡት ካንሰር ነው ተባለ። አንድ ጡቷ በኦፕራሲዮን ወጣ፤ አሁን ኬሞ እየወሰደች ነው። ቀን ቀን ጠያቂ ሲመጣ ትስቃለች፣ ትጫወታለች፣ እንዲያውም እንግዳውን የምታጽናናው እሷ ናት። ማታ ልጆቹ ሲተኙ ግን መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃውን ትከፍትና ታለቅሳለች። እናታችን አንድ ቀን ሰምተዋት ‹በሽታው ሳይሆን ልቅሶሽ ነው የሚገድልሽ! ካለቀስሽ ይብስብሻል፣ ጠንክሪ!› ብለው ተቆጧት። ከዚያ ወዲህ ለእኔም ምንም አትነግረኝም። ጎረቤቱም፣ ዘመዱም፣ ባሏም ‹ካንሰርን የሚያሸንፈው ጠንካራ ሰው ነው› ይሏታል። እውነት እህቴ ስታለቅስ በሽታው ይብስባታል? ላስቁማት ወይስ ልተዋት? ጭንቀቴን ተረዱልኝ።»

መልሱን እስከ መጨረሻው ደብቆ አንባቢ ማንጠልጠል የጋዜጣ ሰው ተንኮል ነው። ዛሬ አላደርገውም። መልሴ፦ ታልቅስ። ልቅሶ የጡት ካንሰርን እንደሚያባብስ ያረጋገጠ ጥናት የለም። እናታችሁ የተናገሩት ከፍቅርና ከፍርሃት ነውና አትቀየሚያቸው፤ ግን የተናገሩት ልክ አይደለም።

አሁን «አንተ/አንቺ ማነህ/ማነሽና?» የሚል ይኖራል። ሐኪም አይደለሁም። ባዮሎጂን የተሰናበትኩት አስራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ነው። ሆኖም ደብዳቤውን ከተቀበልኩ ጀምሮ ሳነብና የሚያውቁትን ሳስቸግር ሰንብቻለሁ። ያገኘሁትም ነገር እንዲያው በ«አዎ» እና በ«አይ» የሚዘጋ ሆኖ አላገኘሁትም። ምክንያቱም መንፈስና ሥጋ በእርግጥ ይነጋገራሉ። የሚነጋገሩት ግን ጎረቤቶቻችሁ በሚያስቡት መንገድ አይደለም።

ይሄ «ጠንካራ ሰው ካንሰርን ያሸንፋል» የሚባለው ነገር ከየት መጣ? ሀበሻ ብቻ የሚለው እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1979 እንግሊዝ አገር ለንደን ውስጥ ያሉ ሐኪሞች በሽታቸው ገና ጅምር ላይ የነበረ 69 የጡት ካንሰር ታማሚዎችን አነጋግረው፣ ዜናውን ሲሰሙ እንዴት እንደተቀበሉት መዝግበው፣ አምስት ዓመት ተከታተሏቸው። ሴቶቹን በአራት መደቧቸው። «እታገለዋለሁ» ያሉ አሉ። «የለም፣ እኔ ካንሰር የለብኝም» ብለው የካዱ አሉ። ችለው ዝም ያሉ አሉ። «አበቃልኝ» ብለው ተስፋ የቆረጡ አሉ። ከአምስት ዓመት በኋላ በሽታው ሳይመለስባቸው የተገኙት በብዛት ታጋዮቹና... ልብ በሉ... ካጂዎቹ ነበሩ! ችለው ዝም ያሉትና ተስፋ የቆረጡት የባሰ ሆነው ተገኙ። ወሬው ዓለምን ሲዞር ግን ካጂዎቹ መንገድ ላይ ቀሩና «ታጋይ ያሸንፋል» የሚለው ብቻ ደረሰን። ሌላም አለ። እኛ አገር «ቻለችው» ተብላ የምትመሰገነው ዝም ያለችዋ ሴት፣ በዚያ ጥናት መሠረት ከተስፋ ቆራጯ ጋር አንድ ወገን ናት። ይህን ማን ያወራል?

ቀጥሎ የመጣው ደግሞ የባሰ ስሜት የሚቀሰቅስ ነው። አሜሪካን አገር ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ስፒገል የሚባል የአእምሮ ሐኪም ካንሰሩ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የተሰራጨባቸው 86 ሴቶች ላይ ጥናት አደረገ። ገሚሶቹ ከመደበኛው ሕክምና ሌላ በሳምንት አንድ ቀን ለአንድ ሰዓት ተኩል ተሰብስበው ስለ ሞት፣ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ባሎቻቸው፣ ስለ ሕመማቸው ያወራሉ፤ ያለቅሳሉም። ሌሎቹ መደበኛውን ሕክምና ብቻ ያገኛሉ። ሰውየው «ሐሳብ ካንሰርን ይገታል» የሚለውን ወሬ ውሸት ነው ለማለት ነበር የተነሳው። በ1989 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ያወጣው ውጤት ግን ራሱን አስደነገጠው። የተሰባሰቡት በአማካይ 36.6 ወር፣ ሌሎቹ 18.9 ወር ኖሩ። እጥፍ ማለት ነው!

እዚህ ላይ ብናቆም ጥሩ ተረት ይሆን ነበር። ሳይንስ ግን «አንድ ጊዜ የታየ ነገር እንደገና ይታይ» ይላል። በ2001 ካናዳ ውስጥ 235 ሴቶች ላይ ተደገመ። በቡድን የተሰባሰቡት 17.9 ወር፣ ያልተሰባሰቡት 17.6 ወር። ልዩነት የለም። ከዚያ ስፒገል ራሱ በ125 ሴቶች ላይ ደገመውና በ2007 «በጥቅሉ ዕድሜ አላስረዘመም» ብሎ አወጣ። ስሙን ያስጠራለትን ነገር በራሱ እጅ እንደገና ፈትኖ «አልደገመም» ብሎ ማተም ቀላል ነገር አይደለም፤ እኔ በበኩሌ ባርኔጣዬን አንስቼለታለሁ። የእንግሊዞቹም የ«ታጋይ» ነገር በ1999 በ578 ሴቶች ላይ ሲፈተሽ ታጋይነት ዕድሜ ሲያስረዝም አልታየም።

ታዲያ ምን ቀረ? ሁለት ነገር ቀረ። አንደኛ፣ በካናዳው ጥናት የተሰባሰቡት ሴቶች ዕድሜያቸው ባይረዝምም ጭንቀታቸው ቀለለ፤ ሕመማቸውም ያን ያህል አላሰቃያቸውም፤ በተለይ መጀመሪያ በጣም የተጨነቁት ተጠቀሙ። ይሄ ትንሽ ነገር ነው? 18 ወር እየተሰቃዩ መኖርና 18 ወር እያወጉ መኖር አንድ ነው የሚል ካለ ታሞ አያውቅም። ሁለተኛ፣ በእንግሊዙ ጥናት ታጋይነት አያድንም ቢባልም፣ ሥር የሰደደ ተስፋ መቁረጥና የድብርት በሽታ ግን ከከፋ ውጤት ጋር አብረው ታይተዋል። እንግዲህ ልብ በይ እህቴ፦ ማልቀስና ተስፋ መቁረጥ አንድ አይደሉም። ሰው አልቅሶ ፊቱን ታጥቦ ለልጁ እራት ያቀርባል። እንባ ሳያፈስ ደግሞ ውስጡ የጨለመበት ሞልቷል።

አሁን ወደ ሥጋው እንግባ። (ሳይንስ የማይወድ አንባቢ ቡናውን እየጠጣ ይከተለኝ።)

ስንደነግጥ ወይም ስንጨነቅ ጭንቅላታችን ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ ክፍል ፒቱታሪ ለምትባለው ዕጢ ትልካለች፤ ፒቱታሪ ደግሞ ከኩላሊቶቻችን አናት ላይ እንደ ቆብ ለተደፉት አድሬናል ዕጢዎች ታስተላልፋለች። እነሱም ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ይለቃሉ። ኮርቲሶል ጠላት አይደለም። ጠዋት ከአልጋ የሚያነሳን እሱ ነው። በጤነኛ ሰው ከእንቅልፍ በነቃ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ጣራ ይነካና ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ ወርዶ ማታ ዝቅ ይላል። ልክ እንደ መርካቶ ግርግር፦ ጠዋት ይጦፋል፣ ሲመሽ ይበተናል።

በ2000 ከስታንፎርድ የወጣ ጥናት ካንሰሩ የተሰራጨባቸውን 104 ሴቶች ምራቅ በቀን የተለያየ ሰዓት እየወሰደ ኮርቲሶላቸውን ለካ። ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚወርድላቸው አሉ። ጠዋትም ማታም ያው ጠፍጣፋ የሆነባቸው አሉ፤ መርካቶ ሌሊቱን ሙሉ ሳይዘጋ፣ ጠዋትም ሳይደምቅ ማለት ነው። ጠፍጣፋ የሆነባቸው ቀድመው ሞቱ። በደማቸው ውስጥም «በተፈጥሮ ገዳይ» የሚባሉት፣ የተበላሸ ሴል እያደኑ የሚገድሉ ነጭ የደም ሴሎች አንሰውና ደክመው ተገኙ።

«ይኸው! ጭንቀት ይገድላል ማለት አይደል?» እንዳትሉኝ። ቆይ። ኮርቲሶላቸው የተበላሸው ስለተጨነቁ ነው ወይስ በሽታው ራሱ ስለገፋባቸው? ሕመም እንቅልፍ ይነሳል፣ እንቅልፍ ማጣት የኮርቲሶልን ሰዓት ያዛባል፣ የተዛባው ሰዓት ደግሞ እንቅልፍ ይነሳል። ዶሮዋ ትቅደም እንቁላሉ በዚህ ጥናት አይታወቅም። በዚያ ላይ ጠፍጣፋ ኮርቲሶል የሚመጣው ለወራት ከቆየ መዛባት እንጂ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ለሩብ ሰዓት ከማልቀስ አይደለም።

ከኮርቲሶል ሌላ አድሬናሊንና ወንድሙ ኖራድሬናሊን አሉ፤ ልብ የሚያስመቱት፣ እጅ የሚያልቡት። በ2010 ካሊፎርኒያ ውስጥ የጡት ካንሰር ያለባቸውን አይጦች ጠባብ ቦታ እያፈኑ ሲያስጨንቋቸው ካንሰሩ ወደ ሌላ አካል የተሰራጨው በ30 እጥፍ ነበር። የአድሬናሊንን በር የሚዘጋ ፕሮፕራኖሎል የተባለ አሮጌ የልብ መድኃኒት ሲሰጧቸው ግን ስርጭቱ ተገታ። በ2020 ደግሞ አውስትራሊያ ውስጥ ኦፕራሲዮን ለሚጠብቁ 60 ሴቶች ለገሚሱ ያንኑ መድኃኒት ለአንድ ሳምንት ሰጥተው ዕጢያቸውን ሲመረምሩ፣ የመሰራጨት ዝንባሌን የሚያሳዩ ምልክቶች ቀንሰው አገኙ። ደስ ይላል። ነገር ግን ዕድሜ ያስረዝም እንደሆነ በዚያ ጥናት አልተለካም፤ አይጥም ሴት አይደለችም። ይህን አንብቦ ነገ ፋርማሲ ሄዶ ፕሮፕራኖሎል የሚጠይቅ እንዳይኖር! አስም ላለበት ሰው አደገኛ ነው፣ የልብ ምትንም ይቀንሳል።

ከሁሉ ይበልጥ ለእህትሽ ይጠቅማታል ብዬ የማስበው ግን ሌላ ነው። እስካሁን ያወራነው መንፈስ ሥጋን እንዴት እንደሚነካ ነው። ሥጋስ መንፈስን አይነካም?

ሰው ጉንፋን ሲይዘው ምን ይሆናል? ይጫጫነዋል፣ ሰው ማየት ያስጠላዋል፣ ያለምክንያት ያስለቅሰዋል። ያ ስንፍና አይደለም። የሰውነት መከላከያ ሲቆጣ የሚለቃቸው ኬሚካሎች አንጎል ደርሰው «ተኛ፣ አትንቀሳቀስ» ስለሚሉት ነው። ካንሰሩ፣ ኦፕራሲዮኑ፣ ኬሞውና ጨረሩ ይህንኑ ቁጣ ይቀሰቅሳሉ። ከሕክምና በኋላ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት የሚቆየው ድካም ከዚሁ ጋር የተያያዘ እንደሆነ ጥናቶች ያሳያሉ። በዚያ ላይ ከኬሞው ጋር ለማስታወክና ለአለርጂ መከላከያ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ዴክሳሜታዞን የኮርቲሶል ቤተሰብ ነው፤ ሌሊቱን ዓይን ያስፈጥጣል፣ ስሜትንም ይለዋውጣል። በ36 ዓመቷ ኬሞ የምትወስድ ሴት የወር አበባዋ ሊቋረጥና ያለጊዜው እንደ ማረጥ ያለ ሙቀትና ላብ ሊመጣባት ይችላል፤ እሱም እንቅልፍ ይነሳል፣ ሆድ ያስብሳል።

አሁን ተመልከቺ። ሰውነቷ በዚህ ሁሉ ውስጥ እያለፈ «ለምን ትከፊያለሽ? ጠንክሪ!» ማለት ወባ የያዘውን ሰው «አትንቀጥቀጥ፣ ወንድ ሁን» እንደማለት ነው። እህትሽ የምታለቅሰው ደካማ ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ግማሹ እንባ የመድኃኒቱ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ጥንካሬ ማለት ምን ይሁን? እኔ እንደገባኝ ጠንካራ ታማሚ ማለት የማታለቅስ ሳትሆን ቀጠሮዋን የማትዘል፣ ሲያማት «አመመኝ»፣ ሲከፋት «ከፋኝ» የምትል ናት። ወድቃ የምትነሳ እንጂ የማትወድቅ አይደለችም። የማትወድቅ ሴት በፊልም ነው ያለችው።

እንዲያውም አንድ የሚያናድደኝን ልናገር። ይሄ ጠንካራነት የምንለው ነገር በእርግጥ የሚገድልበት ቦታ አለ፤ እሱም ከምርመራ በፊት ያለው ጊዜ ነው። እህትሽ ጠጠሩን ይዛ ስምንት ወር ዝም አለች። ለምን? ባሏን ላለማስጨነቅ፣ ልጆቿን ላለማስደንገጥ፣ «ምን አልባት ይጠፋል» ብላ። ቻለችው! በአገራችን በሴቶች ላይ ከሚታዩ ካንሰሮች ቀዳሚው የጡት ካንሰር ሲሆን አብዛኞቹ ታማሚዎች ሐኪም ፊት የሚቀርቡት በሽታው ከገፋ በኋላ ነው። ሁሉም ዝም ስላሉ አይደለም፤ ገንዘብ አለ፣ ርቀት አለ፣ የሕክምና እጥረት አለ። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በመላ አገሪቱ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ የነበረ መሆኑን የማያውቅ የለም። ቢሆንም «ሰው ምን ይለኛል»ም አለበት፣ «ችዬው ልለፍ»ም አለበት። የታማሚን ዕድሜ በዋነኛነት የሚወስኑት በሽታው የተገኘበት ደረጃ፣ የዕጢው ዓይነትና ሕክምናውን በጊዜው ማግኘትና መጨረስ ናቸው። ፈገግታ እዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። ይህን ያልኩት እህትሽን ስለ ስምንቱ ወር እንድትወቅሺያት አይደለም፤ ያለፈው አልፏል። እሷም ቢሆን ሌሊት ሌሊት የምታስበው ይህንኑ ሳይሆን አይቀርም።

ወደ አንቺ ልምጣ። ምን ታድርጊ?

መጀመሪያ አትሽሺያት። በ2006 አሜሪካን አገር የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት የጡት ካንሰር የያዛቸውን 2,835 ነርሶች ለዓመታት ተከታትሎ፣ ከመታመማቸው በፊት ሰው ያልነበራቸው፣ ማለትም የቅርብ ዘመድ፣ ጓደኛ፣ ማኅበር የሌላቸው ብቸኞች፣ በበሽታው የመሞት ዕድላቸው ሰው ካላቸው በእጥፍ በልጦ ተገኝቷል። ሁሉም በሆርሞን የሚተረጎም አይመስለኝም። ሰው ያላት ሴት ቀጠሮዋን የሚያስታውሳት፣ ታክሲ የሚያሳፍራት፣ ልጆቿን የሚጠብቅላት አለ። እኛ ሰፈር አንዲት እናት በታመሙ ጊዜ የቡና ጎረቤቶቻቸው ተራ ገብተው ነበር፦ ሰኞ አንዷ ምሳ ታበስላለች፣ ረቡዕ ሌላዋ ሆስፒታል ትሸኛለች፣ ቅዳሜ ሌላዋ ልብስ ታጥባለች። «አይዞዎት» የሚለውን ቃል ሲናገሩ እምብዛም አልሰማኋቸውም፤ በእጃቸው ነበር የሚሉት። አንቺም ጠያቂውን ሁሉ «ምን ላግዝ?» ሲል «አይ፣ ምንም» አትበይው። ሽንኩርት እንዲልጥ ስጪው።

ሁለተኛ፣ አንድ ማታ ልጆቹ ሲተኙ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ሄደሽ አንኳኪ። «ተይ» አትበያት፣ «አይዞሽ፣ ይሻልሻል» ብለሽም ለመዝጋት አትቸኩዪ። «እኔ ጋ ማልቀስ ትችያለሽ፣ ለማንም አልናገርም» በያት። ምናልባት ዝም ትል ይሆናል። ቁጭ በይ። የምትፈራው ሞቱን ላይሆን ይችላል፤ ባሏ እንዴት እንደሚያያት፣ ልጆቿ ጸጉሯን ሲያዩ ምን እንደሚሉ፣ የአንዱ ጡቷ ጎን ባዶ መሆኑ... ይሄን ለእናቷ አትነግርም፤ ለታናሽ እህቷ ትነግር ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ልቅሶና የድብርት በሽታን ለዪ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ አብዛኛውን ቀን ከጨለመባት፣ ከልጆቿ ጋር እንኳ ደስታ ካጣች፣ ምግብ ከዘጋት፣ «ባልኖር ይሻላል» ማለት ከጀመረች፣ ወይም ኬሞውን «ምን ያደርግልኛል» ብላ ልትተወው ካሰበች፣ ያ የሕክምና ጉዳይ ነው። ለሐኪሟ ንገሩት። ራሷን ስለመጉዳት ካወራች ብቻዋን አትተዋት፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ውሰጃት። በ2011 ስታንፎርዶች ባወጡት ጽሑፍ፣ ካንሰሩ ከተሰራጨባቸው ሴቶች መካከል በአንድ ዓመት ውስጥ ድብርታቸው የቀነሰላቸው 53.6 ወር፣ የባሰባቸው 25.1 ወር በመካከለኛ ግምት ኖረዋል። ድብርትን ማከም ዕድሜ ያስረዝማል ለማለት ይሄ ብቻውን አይበቃም፤ ድብርትን ችላ ላለማለት ግን ይበቃል። መድኃኒቱ ያለ፣ የሚታከም ነገር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ። እህትሽ ከኬሞ በኋላ ታሞክሲፌን የሚባል ክኒን ልትጀምር ትችላለች፤ ለሆርሞን በሚመልስ የጡት ካንሰር ለዓመታት የሚወሰድ ነው። ከድብርት መድኃኒቶች ውስጥ ፓሮክሴቲንና ፍሉኦክሴቲን ጉበት ውስጥ ገብተው የታሞክሲፌንን ሥራ ያዳክማሉ። በ2010 ከካናዳ የወጣ ጥናት ፓሮክሴቲንን ከታሞክሲፌን ጋር ረጅም ጊዜ የወሰዱ ሴቶች በበሽታው የመሞት ዕድላቸው ጨምሮ እንደተገኘ ጽፏል። የማይጋጩ ሌሎች መድኃኒቶች ስላሉ መፍራት አያስፈልግም። ብቻ «ጓደኛዬ ይሄን ወስዳ ዳነች» ተብሎ ከፋርማሲ የሚገዛ ነገር አይኑር። የባህል መድኃኒትም ሆነ ዕጽ ብትወስድ ለካንሰር ሐኪሟ ትንገር። ጸበሉን ትጠመቅ፣ ጸሎቷን ታድርስ፣ ኬሞውን ግን አታቋርጥ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

እንቅልፏን ጠብቁላት። ዴክሳሜታዞኑን በጠዋት መውሰድ ትችል እንደሆነ ሐኪሟን ጠይቂላት። ቀን ብዙ አትተኛ፤ ጠዋት ፀሐይ ላይ ትውጣ፤ ሐኪሟ ከፈቀደ በቀን ትንሽ ትንሽ አብራችሁ በእግር ሂዱ። የሚገርም ነገር ቢሆንም የካንሰርን ድካም ከሚቀንሱት ነገሮች ከመኝታ ይልቅ እንቅስቃሴ ይበልጣል። ኬሞ ላይ እያለች ትኩሳቷ 38 ዲግሪ ከደረሰ ግን «ይለፍላታል» ሳትሉ፣ ማታም ቢሆን ሆስፒታል ሂዱ፤ የነጭ ደም ሴሎቿ በሚቀንሱበት ጊዜ ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ አደገኛ ይሆናል።

ስለ እናታችሁ ጠይቀሽኝ አልነበረም፤ እኔ ግን ሳስባቸው ነው የሰነበትኩት። «ልቅሶሽ ይገድልሻል» ያሉት እሳቸው ራሳቸው የሚያለቅሱበት ቦታ ስላጡ ይመስለኛል። በእልህ «ተሳስተዋል» አትበያቸው። ለቀጠሮ ስትሄዱ አብረው ይሂዱና ሐኪሙን ራሳቸው ይጠይቁት፦ «ልጄ ብታለቅስ ይብስባታል?» ይበሉ። ከእኔ ጋዜጣ ይልቅ ነጭ ጋወን የለበሰ ሰው ቢነግራቸው ይሰማሉ።

ስለ ራስሽም አንድ ነገር። እህትሽ በ36 ዓመቷ መታመሟ አንቺንም ይመለከታል። እናት ወይም እህት የጡት ካንሰር ያለባት ሴት በበሽታው የመያዝ ዕድሏ ከሌላው ከፍ ይላል፤ ትይዛለሽ ማለት ግን አይደለም። በዚያው የእህትሽ ሐኪም ዘንድ «እኔስ ከመቼ ጀምሬ ልመርመር?» ብለሽ ጠይቂ። ጡት ላይ ወይም ብብት ሥር አዲስ እብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ፣ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት ወይም ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ካየሽ ባይሽም ባታይሽም እህትሽን አትጠብቂ፣ በሳምንቱ ሂጂ። አብዛኛው እብጠት ካንሰር አይደለም። ሕመም የሌለው መሆኑ ግን ማረጋገጫ አይሆንም፤ የእህትሽም ጠጠር አያማትም ነበር ብዬ እገምታለሁ።

ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ ትንሿ የእህትሽ ልጅ «እማዬ ጸጉርሽ መቼ ነው የሚመጣው?» ብላ ስትጠይቅ ሁላችሁም ዝም እንዳላችሁ ጽፈሽልኛል። ለእሷ መልሱ ቀላል ነው። ኬሞው ካለቀ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ መብቀል ይጀምራል፤ መጀመሪያ ሲወጣ ጠጉሩ ከድሮው የተለየ፣ ጥቅልል ያለ ሊሆን ይችላል። ንገሯት።

ሳምንት በኩርፊያ ደብዳቤዎቹ እንገናኝ። ደህና ሰንብቱ።